የጉልበት የጎን ራጅ ፊልም እንዴት ይታያል? ደረጃ በደረጃ

የምሰራው ራጅ ክፍል ነው። ስለዚህ ዘመድም ጎረቤትም የጉልበቱን ፊልም መስኮት ላይ ለጥፎ በስልክ ያነሳና ይልክልኛል፣ ከስሩ ሁሌም አንድ አይነት ጥያቄ ነው ያለው፦ «ይሄ ምን ይላል?» የፊት ለፊቱን ፊልም ብዙ ሰው ቢያንስ ጉልበት መሆኑን ያውቀዋል፣ የጎኑ ግን አጥንት ባጥንት ላይ ተደራርቦ ስለሚታይ ግራ ያጋባል። ለእያንዳንዱ በድምጽ ከማስረዳ አንዴ በደንብ ልጻፈው ብዬ ነው።

ይሄን ስላነበባችሁ በሽታውን ራሳችሁ ትለያላችሁ ማለቴ አይደለም፣ ለሱ ራዲዮሎጂስትና የአጥንት ሐኪም አለ። ግን ሐኪሙ በጣቱ ሲያሳያችሁ ምን እያያችሁ እንደሆነ ይገባችኋል፣ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ከፊልሙ ጋር ታገናኙታላችሁ፣ ጥያቄም ትጠይቃላችሁ።

ፊልሙን ትታችሁ አሁኑኑ ወደ ሐኪም የምትሄዱት መቼ ነው

- ከወደቃችሁ ወይም ከተመታችሁ በኋላ አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካቃታችሁ
- በጀርባችሁ ተኝታችሁ፣ ጉልበት ሳታጥፉ ተረከዛችሁን ከአልጋው ማንሳት ካልቻላችሁ
- ጉልበቱ አብጦ የሚያቃጥል ከሆነና ትኩሳት ካለ (መገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ኢንፌክሽን በቀናት ውስጥ ነው ጉልበቱን የሚያበላሸው)
- ከጉዳት በኋላ እግሩ ከታች ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ከደነዘዘ
- ልጅ ወይም ጎረምሳ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጉልበት ህመም ካለው፣ በተለይ እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ

አንድ ደግሞ ልጨምር፣ ይሄ በጣም ያሳስበኛል። ስብራት የለም እስኪባል ድረስ ጉልበቱን ወጌሻ ጋር ወስዳችሁ አታሳሹ፣ በቀርከሃም በጨርቅም አጥብቃችሁ አታሳስሩ። ጠብቆ የታሰረ እግር ደም አጥቶ እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል።

ምን ምን ያስፈልጋል

- የጎኑ ፊልም እና የፊት ለፊቱ ፊልም፣ ሁለቱም። አንዱ ብቻ ግማሽ ነው።
- ነጭ ብርሃን። የቀን መስኮት ወይም ሙሉ ነጭ ገጽ የተከፈተበት ላፕቶፕ ይበቃል። አምፖል አይሆንም፣ መሃሉን አብርቶ ዳሩን ያጨልመዋል።
- ማስመሪያ በሚሊሜትር
- ስስ ግልጽ ላስቲክና ማርከር። ፊልሙ ላይ በቀጥታ አትጻፉ፣ ላስቲኩን ከላይ አድርጋችሁ እሱ ላይ አስምሩ።
- የራዲዮሎጂስቱ ወረቀት፣ እና የድሮ ፊልም ካለ እሱም

ሲዲ ወይም ሊንክ የተሰጣችሁ ደግሞ፣ አሜሪካና እስራኤል ያላችሁ በብዛት እንደዛ ነው፣ ማሳያው ራሱ መለኪያ አለው እሱን ተጠቀሙ።

ቀለሙን ቀድማችሁ ልመዱት

ነጭ አጥንት ወይም ብረት ነው። ግራጫ ጡንቻ፣ ጅማትና ፈሳሽ ነው፣ ሶስቱም በአንድ አይነት ግራጫ ነው የሚወጡት። ጠቆር ያለው ግራጫ ስብ ነው። ጥቁሩ አየር። ስቡን በደንብ ያዙልኝ፣ ፈሳሽ መኖሩን የምናውቀው በስቡ ነውና፣ ደረጃ 5 ላይ እንመለስበታለን።

ደረጃ 1. ስሙን፣ ቀኑንና የቱ እግር እንደሆነ አረጋግጡ

ቀላል ይመስላል ግን ዝለሉት አልልም። ከቤተሰብ ፊልም ጋር ተቀላቅሎ የሌላ ሰው ፊልም ይዞ ሐኪም ፊት የሚቀመጥ ሰው አለ። ፊልሙ ዳር ላይ ያለችው የእንግሊዝኛ ፊደል ኤል ከሆነች ግራ እግር፣ አር ከሆነች ቀኝ እግር ማለት ናት። ፊደሏ የምትነግራችሁ የቱ እግር እንደተነሳ ነው እንጂ የፊልሙን የትኛው ወገን እንደምታዩ አይደለም። ፊትና ኋላውን የምትለዩት በጉልበት ሎሚው ነው፣ ሎሚው ያለበት ወገን ፊት ነው።

ደረጃ 2. ትክክለኛ የጎን ፊልም መሆኑን እዩ

የጭን አጥንት ጫፉ ላይ ሁለት ክብ ጉብታዎች አሉት፣ አንዱ በውስጥ በኩል አንዱ በውጭ በኩል። በትክክል የተነሳ የጎን ፊልም ላይ ሁለቱ አንዱ ባንዱ ላይ ተኝተው እንደ አንድ ክብ ነው የሚታዩት። ሁለት የተለያዩ ክቦች ጎን ለጎን ካያችሁ እግሩ ሲነሳ ዞሯል ማለት ነው። የውስጡ ጉብታ ከውጭኛው ትንሽ ወደ ታች ስለሚወርድ ነው እኛ በጎን አስተኝተን ስናነሳ ጨረር የሚያወጣውን ቱቦ ከ5 እስከ 7 ዲግሪ ወደ ራስ በኩል የምናጋድለው፣ ካልተጋደለ የውስጡ ጉብታ ወደ ታች ወርዶ የመገጣጠሚያውን ክፍተት ይሸፍነዋል።

ይሄ ለምን ይጠቅማል? የዞረ ፊልም ላይ ጤነኛ ጉልበት የታመመ ይመስላል፣ ሎሚውም ጭኑ ላይ የተጣበቀ ይመስላል። ትንሽ የሁለት ሶስት ሚሊሜትር ልዩነት ችግር የለውም፣ ብዙ ከዞረ ግን ከሱ ፊልም ላይ ምንም አትለኩ።

ሁለተኛው ነገር መታጠፉ ነው። ጉልበቱ ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው መታጠፍ ያለበት፣ ማለትም ትንሽ ለቀቅ ያለ እንጂ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው አይደለም። በጣም ሲታጠፍ ጅማቱ ይወጠርና ከሎሚው በላይ ያለውን ፈሳሽ ገፍቶ ወደ ሌላ ቦታ ይሰደዋል፣ ያኔ ፈሳሽ እያለ የለም ትላላችሁ።

ፊልሙ ተበላሽቷል ተብሎ ድገሙ ከተባላችሁ አትደንግጡ። የጉልበት ራጅ ጨረር በጣም ትንሽ ነው፣ ከ0.01 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ ነው) በታች፣ ሰው ምንም ራጅ ሳይነሳ ከመሬትና ከሰማይ በዓመት በአማካይ 2.4 ሚሊሲቨርት ያገኛል። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም ከጠረጠራችሁ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ንገሩን።

ደረጃ 3. አጥንቶቹን ቁጠሩ

አራት ናቸው። ከላይ የጭን አጥንት፣ ከታች ትልቁ የቅልጥም አጥንት፣ ከሱ ኋላ ቀጭኑ ፊቡላ፣ ከፊት ደግሞ ሎሚው።

አምስተኛ ካገኛችሁ፣ ከጭን አጥንቱ ጉብታ ኋላ ለብቻው የተቀመጠ ሽንብራ የምታህል ክብ ነገር ካለች፣ አትደንግጡ። ከሚላክልኝ ፎቶ ውስጥ ብዙው እሷ ላይ በቀይ ተከቦ «ይሄ ስባሪ ነው?» የሚል ነው። ፋቤላ ትባላለች፣ በላቲን ትንሽ ባቄላ ማለት ነው፣ የባት ጡንቻ ጅማት ውስጥ የተፈጠረች ጤነኛ አጥንት ናት፣ ያላቸው ሰዎች አሉ የሌላቸውም አሉ። ጠርዟ ለስላሳና ዙሪያዋን ነጭ ከሆነ እሷው ናት። ስባሪ ቢሆን ቢያንስ ባንድ በኩል ሻካራና ሹል ይሆናል፣ የተላቀቀበት ቦታም አጥንቱ ላይ ይታያል።

ደረጃ 4. የእያንዳንዱን አጥንት ጠርዝ በዓይናችሁ ተከተሉ

አጥንት ዙሪያውን ደመቅ ያለ ነጭ ጠርዝ አለው። ከላይ ጀምራችሁ ሳታቋርጡ ዙሩት፣ ልክ በእስክሪብቶ እንደምታስምሩ። የሚቋረጥበት፣ ደረጃ የሚሰራበት ወይም የሚጎብጥበት ቦታ ላይ ቁሙ። ዓይን ወዲያው መሃል ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስብራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ጠርዝ ላይ ስለሚጀምር ነው እንዲህ የምናደርገው።

ሎሚው። በወገብ የተሰበረ ሎሚ ከሁሉም በላይ ጥርት ብሎ የሚታየው በጎን ፊልም ነው፣ ሁለቱ ቁራጮች ወደላይና ወደታች ተለያይተው። የፊት ለፊቱ ላይ ሎሚው ከጭን አጥንት ጋር ስለሚደራረብ ስብራቱ በቀላሉ ያመልጣል።

የቅልጥሙ ጣሪያ፣ ማለትም ከጭን አጥንት ጋር የሚገናኘው የላይኛው ገጹ። ጣሪያው ወደ ኋላ ትንሽ ያዘነብላል፣ 10 ዲግሪ አካባቢ ወይም ከዛ አነስ ብሎ፣ ይሄ ጤነኛ ነው፣ «ተጣሟል» አትበሉ። ጣሪያው ወደ ታች ከሰመጠ ወይም ስንጥቅ ካለው ግን የስብራት ምልክት ነው።

ከሎሚው በታች በጣት ስትዳስሱት የምታገኙት የቅልጥሙ ጉብታ። ኳስ የሚጫወቱ ልጆች እዛ ጋ ሲያማቸው ፊልሙ ላይ ጉብታው ተቆራርሶ ሊታይ ይችላል፣ ኦስጉድ ሽላተር ይሉታል፣ ባብዛኛው እድገት ሲያልቅ ይተዋል።

የልጅ ፊልም ከሆነ ግን እዚህ ላይ ብታቆሙ ይሻላል። እድገታቸውን ያልጨረሱ ልጆች አጥንታቸው ጫፍ ላይ ጥቁር መስመር አለ፣ የእድገት መስመር ነው፣ ስብራት ይመስላል ግን አይደለም፣ አንዳንዴ ደግሞ እውነተኛ ስብራት እዛው መስመር ውስጥ ተደብቆ ይገኛል። ይሄን የሚለየው የለመደ ዓይን ነው።

በማንኛውም እድሜ ደግሞ የአጥንቱ ነጭ ጠርዝ ከተበላ፣ ውስጡ ብል እንደበላው ጨርቅ ከሆነ፣ ወይም ከጠርዙ ውጪ አዲስ አጥንት እንደ ጨረር ከተረጨ ቀጠሮ አትጠብቁ። እድገት ላይ ያሉ ልጆች የአጥንት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከጉልበት አካባቢ ነው።

ደረጃ 5. ከሎሚው በላይ ያለውን ፈሳሽ ፈልጉ

እኔን ብትጠይቁኝ የጎን ፊልም ዋናው ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፣ ብዙ ሰው ደግሞ አጥንት አጥንቱን ሲያይ ይሄን ጨርሶ ያልፈዋል።

ከሎሚው በላይ፣ በጭን አጥንቱ ፊትና በጡንቻው ጅማት መሃል፣ ሁለት ጠቆር ያሉ የስብ ቦታዎች አሉ። አንደኛው ልክ ከሎሚው አናት ላይ ነው፣ ሁለተኛው የጭን አጥንቱ ላይ የተለጠፈ ነው። በሁለቱ መሃል የመገጣጠሚያው ከረጢት ወደ ላይ የሚወጣበት ጠባብ ቦታ አለ። ጤነኛ ጉልበት ላይ ይሄ ከረጢት ባዶ ስለሆነ ሁለቱ ስቦች ተቀራርበው በመሃላቸው ቀጭን ግራጫ መስመር ብቻ ነው የሚታየው። «ጉልበቴ ውሃ ቋጠረ» የምንለው ነገር ሲመጣ ፈሳሹ ከረጢቱን ይነፋውና ሁለቱን ስቦች ይለያያቸዋል፣ ቀጭኑ መስመር ወፍሮ እንደ ግራጫ እንቁላል ይሆናል።

ልኩ፦ ከ5 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ ከ10 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ፈሳሽ አለ ማለት ይቻላል፣ በመሃል ያለው አጠራጣሪ ነው። ግን ተጠንቀቁ፣ ፊልም ብዙ ጊዜ ወረቀት ላይ እንዲገባ ተቀንሶ ነው የሚታተመው፣ ስለዚህ በማስመሪያ 5 ያነበባችሁት በእውነት 8 ሊሆን ይችላል። ዳር ላይ የመለኪያ መስመር ካለ ከሱ ጋር አስተያዩ። በስልክ ፎቶ ላይ ሚሊሜትር መለካት ጭራሽ አይሆንም።

ፈሳሽ መኖሩ ምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ደም ሊሆን ይችላል፣ የመገጣጠሚያ መሸርሸር ያመጣው ፈሳሽ ሊሆን ይችላል፣ ሪህ ወይም መግል ሊሆን ይችላል፣ ሁሉም ያው ግራጫ ናቸው። ማወቅ ካስፈለገ ሐኪሙ በመርፌ ይቀዳዋል። ከጉዳት በኋላ አጥንቱ ደህና መስሎ ፈሳሽ ካለ ግን ውስጥ የተጎዳ ነገር አለ ብላችሁ ያዙት፣ «ስብራት የለም» ስለተባለ ብቻ ኳስ ሜዳ አትመለሱ።

አንድ ምልክት አለ መቼም እንዳታልፉት የምፈልገው። ሰው ሲወድቅ በጀርባው አስተኝተን ጨረሩን ከጎን አግድም እናነሳዋለን። አጥንቱ መገጣጠሚያ ውስጥ ከተሰነጠቀ ከመቅኔው ስብና ደም አብረው ወደ ከረጢቱ ይገባሉ፣ ስቡ ደግሞ ወጥ ላይ ቅቤ እንደሚንሳፈፈው ከደሙ በላይ ይንሳፈፋል፣ ፊልሙ ላይ ከላይ ጠቆር ያለ ከታች ፈካ ያለ ሆኖ በመሃሉ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር ይወጣል። ፊልሙን አቁማችሁ ካያችሁት መስመሩ ከጭን አጥንቱ ጋር ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ የቆመ ነው የሚመስላችሁ፣ ሰውየው ተኝቶ ስለነበር። ይሄ መስመር ካለ ስብራቱ ባይታያችሁም ስብራት አለ፣ ብዙ ጊዜ የቅልጥሙ ጣሪያ ላይ። እግሩን ሳትረግጡበት ሲቲ ስካን ያስፈልገኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። በጎን ተኝቶ የተነሳ ፊልም ላይ ግን ይሄ መስመር አይታይም፣ ስለዚህ እዛ ላይ አለመኖሩ ምንም ማረጋገጫ አይደለም።

ደረጃ 6. የሎሚውን ከፍታ ለኩ

እዚህ ሚሊሜትሩ ቢዛባም ችግር የለም፣ ሁለት ርዝመት እያካፈልን ስለሆነ ፊልሙ ቢቀነስም መልሱ ያው ነው። ኢንሶልና ሳልቫቲ የሚባሉ ሐኪሞች በ1971 ያወጡት አለካክ ነው።

ሀ. ላስቲኩን ፊልሙ ላይ አድርጉና ከሎሚው የላይኛው የኋላ ጥግ እስከ ታችኛው ሹል ጫፍ አስምሩ፣ ረጅሙን ማለት ነው።
ለ. ከሎሚው ታችኛ ጫፍ ተነስታችሁ ጅማቱ የቅልጥሙ ጉብታ ላይ እስከሚያያዝበት አስምሩ። ጅማቱ ግራጫ ገመድ ይመስላል፣ ከኋላው ጥቁር የስብ ሶስት ማዕዘን ስላለ ይለያል።
ሐ. የጅማቱን ርዝመት ለሎሚው ርዝመት አካፍሉ።

ለምሳሌ ሎሚው 42፣ ጅማቱ 45 ከሆነ 1.07 ይመጣል። ከ0.8 እስከ 1.2 ጤነኛ ነው። ጅማቱ 60 ቢሆን 1.43 ይመጣል፣ ሎሚው ወደ ላይ ወጥቷል።

ወደ ላይ የወጣ ሎሚ ጭን አጥንቱ ላይ ከሚንሸራተትበት ጉድጓድ ስለሚርቅ በቀላሉ ወደ ጎን ይወልቃል፣ ሎሚያቸው በተደጋጋሚ የሚወልቅ ወጣቶች ላይ ሐኪሙ የሚለካው ለዚህ ነው። ከውድቀት በኋላ በድንገት ከወጣና ተረከዝ ማንሳት ካቃተ ግን ከታች ያለው ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ከ0.8 በታች ከሆነ ወደ ታች ወርዷል፣ ከጉዳት በኋላ ከሆነ ከላይ ያለው የጭን ጡንቻ ጅማት ተጠርጣሪ ነው። ይሄኛው ከ40 ዓመት በላይ በሆኑ ሰዎች ይበዛል፣ የታችኛው ከ40 በታች በሆኑት። ሁለቱም ቶሎ ካልተሰፉ ጅማቱ ይሰበሰብና ስራው ይከብዳል፣ ለዛ ነው ተረከዝ ማንሳቷን ከላይ ማስጠንቀቂያው ውስጥ ያስገባኋት።

ደረጃ 7. መሸርሸር ካለ እዩ

እድሜያቸው ለገፋ እናትና አባቶቻችን ብዙ ጊዜ ጥያቄው ይሄ ነው። በሎሚውና በጭን አጥንቱ መሃል ጠቆር ያለ ክፍተት መኖር አለበት። ጠቆር ብሎ ቢታይም ባዶ አይደለም፣ የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ልባስ፣ ካርቲሌጁ ነው፣ ራጅ ለይቶ ስለማያሳየው ነው። ክፍተቱ ከጠበበ ካርቲሌጁ አልቋል ማለት ነው፣ ደረጃ መውጣትና ከበርጩማ መነሳት የሚያማቸው ብዙዎቹ እዚህ ጋ ነው ችግራቸው። ከሎሚው የላይና የታች ጫፍ ኋላ እንደ እሾህ የወጣ አጥንት ካለም የመሸርሸር ምልክት ነው። ከሎሚው አናት ፊት ለፊት ላይ ያለው እሾህ ግን ጅማቱ የሚጎትተው ቦታ ስለሆነ ብዙ ጊዜ የሚያሳምም አይደለም።

በጭንና በቅልጥም መሃል ያለውን ክፍተት ከጎን ፊልም አትፍረዱ። ሰውየው ተኝቶ ነው የተነሳው፣ ክብደት የለበትም፣ ሁለቱም ወገን ተደራርቧል። ለሱ ቆሞ የተነሳ የፊት ለፊት ፊልም ነው የሚያስፈልገው፣ ተኝቶ ከሆነ የተነሳው ቆሞ ቢነሳ ይሻላል ወይ ብላችሁ ሐኪሙን ጠይቁ።

ደረጃ 8. ከጉልበቱ ኋላ ያለውን አትርሱ

ከጉልበቱ ኋላ እንደ ባቡር ሃዲድ ሁለት ትይዩ ነጭ መስመሮች ከሄዱ የደም ስር ግድግዳ ላይ ካልሲየም ተጠራቅሟል። ስኳር ወይም የኩላሊት ህመም ያለባቸው ላይ ይበዛል። ለጉልበቱ ህመም ላይሆን ይችላል ምክንያቱ፣ ግን ለስኳር ሐኪማችሁ አሳዩት፣ ስለ እግር የደም ዝውውር የሚናገር ነገር ነው።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

- ፊልሙን በፍላሽ ማንሳት። ፍላሹ ይንጸባረቅና ከሎሚው በላይ ያለውን ስብ ሙሉ በሙሉ ያጠፋዋል። ፍላሹን አጥፉ፣ ፊልሙን ነጭ ብርሃን ላይ አድርጉ፣ ስልኩን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ።
- «ራጁ ደህና ነው ስለዚህ ጉልበቴ ደህና ነው» ማለት። ሜኒስከስም (በጭንና በቅልጥም አጥንት መሃል ያለው ትራስ)፣ ጉልበቱን መሃል ላይ የሚያስሩት ጅማቶችም፣ ካርቲሌጁም ራጅ ላይ አይታዩም። ጉልበቱ የሚከዳችሁ ወይም የሚቆለፍ ከሆነ ኤምአርአይ ያስፈልግ እንደሆነ መጠየቅ ነው።
- በተቃራኒው ፊልሙ ላይ እሾህ አይቶ መፍራት። ፊልሙ ከባድ መስሎ ህመሙ ቀላል የሆነ ሰው ብዙ ነው፣ የሚታከመው ሰውየው ነው።
- አዲሱን ፊልም ብቻ ይዞ መሄድ። የዛሬ ሁለት ዓመቱ ካለ ለውጡ በምን ፍጥነት እንደሄደ የሚነግረው እሱ ነው።

ደረጃ 9. ሐኪም ጋር ስትሄዱ

የሚያማችሁን ቦታ በአንድ ጣት ነክታችሁ አስታውሱ፣ መዳፍ ሙሉ አይደለም። ከዛ እነዚህን ጻፉና ይዛችሁ ግቡ፦ ፊልሙ በትክክል የጎን ነው ወይ፣ ከሎሚው በላይ ፈሳሽ አለ ወይ፣ ካለ ከምን መጣ፣ ሎሚው በቦታው ነው ወይ፣ የሚያመኝ ቦታና ፊልሙ ላይ ያለው ነገር ይገናኛሉ ወይ። አንዱ ካልገባችሁ ፊልሙ ላይ በጣት እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፣ አሁን የት እንደሚያሳያችሁ ታውቁታላችሁ።